አልፎ መሄድና አይቶ መሄድ

አገርን የማወቂያው መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ማንበብ፣ ሁለተኛው መሄድ ነው። ስለ ማንበብ የሚመክር ብዙ ነውና ዛሬ ስለ መሄድ ጥቂት እንነጋገር።

መሄድ በአሁኑ ዘመን ቀላል ሆኗል። አያቶቻችን በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅባቸው የነበረውን መንገድ የዛሬው ወጣት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ሲያገኝ በመኪና ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲመሽ አርባ ምንጭ ይገባል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመለስ ባልንጀሮቹ «ምን አየህ?» ብለው ቢጠይቁት ግን መልሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ነዳ፣ በስንት ሰዓት እንደ ገባና የት ጥሩ ክትፎ እንደ በላ ነው። ፎቶግራፉም አይጠፋም፤ ከፎቶግራፉ ውስጥ ግን ጎልቶ የሚታየው እሱ ራሱ ነው። ይህ አገርን ማለፍ ነው እንጂ አገርን ማየት አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በሩጫ የታየ አገርም በሩጫ ይረሳል።

እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ለሥራም ለዘመድ ጥየቃም ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። ከመንገዱ ዳር የሚታዩትን የቅርስ ቦታዎች ስም እየሰማን «በሚቀጥለው ጊዜ እናያለን» ስንል ዓመታት አለፉ። በዚህ ጊዜ ግን እስከ ኮንሶ ድረስ ብቻችንን ለመንዳት ስንነሣ፣ የመጀመሪያውን ቀን ለመገስገስ ሳይሆን ለማየት ብቻ ልናውለው ከራሳችን ጋር ተስማማን። «እኛ» ስንል ተጓዡ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አንባቢያችን ይረዳልናል፤ በመኪናው ውስጥ ከእኛ ሌላ የነበሩት አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ትርፍ ጎማ ናቸው።

ብቻን መጓዝ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ ከአንድ ድንጋይ ፊት ግማሽ ሰዓት ብንቆም «መሸብን፣ እንሂድ እንጂ» ብሎ የሚያስቸኩለን አለመኖሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ስንሳሳት የሚያርመን አለመኖሩ ነው፤ ብቸኛ መንገደኛ ከራሱ አሳብ ጋር ብቻ ሲነጋገር ውሎ ከቤቱ ይዞት የወጣውን እምነት መልሶ ይዞት ይገባል። መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና የደረሰበትን አገር ሰው ጓደኛ ማድረግ ነው።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን አዋሽ ወንዝ ዘንድ ደረስን። መልካ ቁንጥሬ ይህ ነው። መንገደኛ ድልድዩን ለመሻገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፤ በወንዙ ዳርና ዳር ያለው አፈር ግን ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ታሪክ ተደራርቦበታል። ቦታው ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ጌራርድ ዴከር በተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ከ1965 ጀምሮም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መርተዋል፤ ከእሳቸውም በኋላ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጥለዋል። ጋርባ በተባለው ስፍራ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ዕድሜው ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ ደግሞ ከ700,000 ዓመት በፊት ዐዋቂዎችና ሕፃናት በእርጥብ ጭቃ ላይ የረገጡት ዱካ ደርቆ ተገኝቷል። ዛሬም በወንዙ ዳር ጭቃ ላይ የእረኞች ልጆች እግር ታትሞ ስናይ፣ በሁለቱ ዱካዎች መካከል ያለውን ዘመን በአሳባችን ለመቁጠር ሞክረን አቃተን።

በክብ ጎጆዎች የተሠራውን ሙዚየም ስንጎበኝ ከሁሉ ይልቅ ያስቆመን ባልጩቱ ነው። በአቅራቢያው ባልጪት የሚባል ስፍራ አለ፤ ስሙም ሥራውም ይኸው ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ሲምቢሮ በተባለው ስፍራ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎች ባልጩት ብቻ እየመረጡ፣ ባለ ስለት መሣሪያ በብዛት ይጠርቡ እንደ ነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቀዋል። ይህን ስንሰማ የጉዟችን መድረሻ ትዝ አለን፤ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ተመዝግቧልና። በመጽሐፍ «የድንጋይ ዘመን» ተብሎ እንደ ተዘጋ ምዕራፍ የተማርነው ሙያ፣ መኪናችን በምትሄድበት መንገድ መጨረሻ ላይ የሴቶች የዕለት እንጀራ ሆኖ ኖሯል። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ በአገራችን የተመዘገቡት ቅርሶች 12 ደርሰዋል።

ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን አዳዲ ማርያምን ተሳለምን። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱም ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ላሊበላን ለማየት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚያስቡ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ከከተማቸው በግማሽ ቀን ደርሶ መልስ ያለችውን አለማወቃቸው ያስደንቃል። ይህን ስንል መጀመሪያ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ከቀትር በኋላ በሶዶ ጉራጌ አገር ከምትገኘው ከጢያ ገባን። የቀኑ ሁሉ ፍሬ የተገኘው ከዚህ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ 36 ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ጫፉ የሾለ ሰይፍ፣ ክብ ቅርጽ፣ ቅጠሉን ወደ ላይ የዘረጋ ተክል የሚመስል ምልክት ይታያል። የብዙዎቹን ምልክቶች ትርጉም ግን እስከ ዛሬ አጥጋቢ አድርጎ የፈታ የለም። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እኛ ከቤታችን ይዘነው የሄድነው እምነት ነበረን። ከልጅነታችን ጀምሮ «የግራኝ ድንጋይ» ሲባል ሰምተናል፤ ሰይፎቹም በግራኝ ጦርነት የወደቁ ሰዎች ቍጥር ይመስሉን ነበር። ይህንኑ ለቦታው ጠባቂ ብንነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እኛም አባቶቻችን እንደዚያ ይሉን ነበር፤ መቃብሩ ሲቆፈር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ» አሉን። እውነትም ነው። ተመራማሪዎች መቃብሮቹን የሚገምቷቸው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ዘመን ነው፤ የኢማም አሕመድ ዘመቻ ደግሞ በ16ኛው ምዕተ ዓመት የሆነ ነው። ድንጋዮቹ እሱ ከመወለዱ በፊት ቆመው ነበር ማለት ነው። አንድ ታላቅ ስም በአፈ ታሪክ ሲነሣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስማቸው የጠፋ ሕዝቦች ሥራም በዚያ ስም ሥር ይቀበራል።

ከዚህ በላይ ልባችንን የነካው ሌላ ነገር ነው። ከድንጋዮቹ ሥር በተቆፈሩት መቃብሮች ውስጥ ሰዎች እጅና እግራቸውን አጥፈው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ18 እስከ 30 ዓመት እንደሚሆን ተገምቷል። ወንዶችም ሴቶችም ነበሩባቸው። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ዕድሜ ይኸው ነው። ያን ዘመን የኖረ ሕዝብ ወጣቶቹ በሞቱበት ጊዜ እያንዳንዱን በድንጋይ ሊያስታውስ ከባድ አለት ጠርቦ፣ ጎትቶ፣ አቁሟል። እኛ ደግሞ ከመንገዱ ላይ መኪና ማቆም ከብዶን ስንት ዓመት አልፈናቸው ኖረናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጢያ አጥርና ጠባቂ አላት። በሶዶ አካባቢ ግን ከጢያ ጋር 160 ያህል የጥንት ስፍራዎች መኖራቸው በጥናት ተገልጿል። የሌሎቹስ ነገር እንዴት ነው? የቆመ ድንጋይ በገበሬ ማሳ ውስጥ ሲገኝ ለገበሬው ማረሻ የሚሰብር ዕንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ ለግንበኛው የተዘጋጀ የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ለመንገድ ሠራተኛው ጠጠር ነው። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። እንዲያውም ብዙውን ድንጋይ እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየው በዙሪያው እያረሰ ያለፈው ገበሬ ነው።

አደጋው ከጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ፣ ትናንት የተመደበው ወጣት ሠራተኛ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የድንጋይ ማውጫ ፈቃድ፣ የመንገድ ፕላን፣ የመሬት ምሪት ወረቀት ከፊቱ ይቀርብለታል። ካርታው በዚያ ስፍራ ባዶ ነጭ ቦታ ያሳየዋል። ስፍራውን በእግሩ ያልረገጠ ሰው ያንን ነጭ ቦታ ባዶ ነው ብሎ ይፈርማል፤ አንድ ጊዜ ከመኪናው ወርዶ ያየ ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት ብዕሩን ያነሣና «የአገሩ ሽማግሌዎች ተጠይቀዋል ወይ?» ይላል። በዚህ ጥያቄና በዚያ ፊርማ መካከል 700 ዓመት የቆመ ድንጋይ ይድናል ወይም ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 በግንባታም ሆነ በመንገድ ሥራ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካ ጠብቆ ወዲያው እንዲያስታውቅ ደንግጓል። አዋጅ ግን ዐይን የለውም፤ ዐይን የሚሆነው ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ አገርን መጎብኘት የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም እንላለን። ለተማሪ የትምህርቱ ክፍል፣ ለመንግሥት ሠራተኛም የሥራው መጀመሪያ ነው።

ለሚነሡ ወጣቶች ከአንድ ቀን ልምዳችን ጥቂት እንምከር። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላም ከሚያውቁት ጠይቁ፤ ብቻውን የሚነዳ ሰውም የሚደርስበትን ሰዓት ለቤተሰቡ ይንገር፣ ሳይመሽም ይግባ። በአንድ ቀን ከሦስት ስፍራ በላይ አትመኙ። የመግቢያውን ክፍያ ሳታጉረመርሙ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለሚያስጐበኛችሁ ሰው የምታውቁትን ከመናገር በፊት የሚያውቀውን አድምጡ። ስማችሁን በድንጋይ ላይ አትጫሩ፤ ያ ድንጋይ የቆመው ለሌላ ሰው ነው። ከመሬት የወደቀ ባልጩትም ቢሆን አንሥታችሁ ኪሳችሁ አታግቡ፤ ከስፍራው የተለየ ዕቃ ምስክርነቱን ያጣልና። ማታ ስትገቡም ያያችሁትን በደብተር ጻፉ።

እኛ በዚያ ቀን ፀሐይ ከጉራጌ ተራሮች ጀርባ ስትገባ ቡታጅራ ደረስን። ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌላ ጊዜ ከቁርስ በፊት የምንጨርሰው መንገድ ነበር። የእንግዳ ማረፊያው አስተናጋጅ ከየት እንደ መጣን ጠይቆን ብንነግረው፣ «ምነው፣ መኪናው ተበላሸብዎ እንዴ?» አለን። መኪናውስ ደኅና ነበር፤ የተበላሸው የቀድሞው አነዳዳችን ነው ብለን ሳቅን።

ከመተኛታችን በፊት ደብተራችንን ከፍተን የቀኑን መዝገብ ስንጽፍ ሌሊቱ ገፋ። በዚያው መንገድ ስንመላለስ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ግን አንድ ገጽ እንኳ የሚሞላ አልነበረንም። ወጣት አንባቢዎቻችንም በሚቀጥለው ጉዟቸው ቢያንስ አንድ ቀን ለማየት ብቻ ይመድቡ። አገሪቱ ነገ በእነሱ ፊርማ የምትተዳደር ናትና፣ ከመፈረማቸው በፊት ይዩአት።