«ባህላቸው ነው» አትበሉኝ

ወደ ተራራ ከተማ ለመሄድ ከአዲስ አበባ ቁልቁል የወረድኩ ሰው ነኝ። ቀልድ አይደለም። ዘርማት የስዊዘርላንድ ስመ ጥር የተራራ ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ይህን የማያውቀው የማረፊያ ቤቱ አስተናጋጅ ቁልፍ ሲሰጠኝ «ከፍታውን እስኪለምዱት ዛሬ ቀስ ብለው ይራመዱ» ብሎ መከረኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አመሰገንኩት።

ከሀገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ለሥልጠና ዙሪክ ተልኬ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የተረፉኝን ሁለት ቀናት ተራራ ለማየት ተጠቀምኩባቸው። ካልቸር ሾክ የሚሉት ነገር ይገጥመኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ገጠመኝም። ግን ባሰብኩት በኩል አልመጣም።

መጀመሪያ ጸጥታው ነው። ነዳጅ የሚያቃጥል መኪና ከተማዋ አይገባም፤ የመጣ እንግዳ መኪናውን አምስት ኪሎ ሜትር ታች ቴሽ የምትባል መንደር አቁሞ በባቡር ይወጣል። ከዚያ ሰላምታው። «ፈረንጅ ሰላም አይልም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ዳገቱ ላይ ግን የሚያልፈኝ ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ ልክ እንደኛ ገጠር። ከዚያ ደግሞ ከአንድ ቤት ደጃፍ ሻጭ የሌለው አይብ፣ አጠገቡ የገንዘብ ሳጥን። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ቢጫ ሰሌዳ ነው። በየመንገዱ መገንጠያ ላይ ተተክሏል፤ የቦታውን ስምና ከፍታ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይነግራል። ለመኪና አይደለም። ለእግረኛ!

ተመልሼ ይህን በቡና ላይ ሳወራ ሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ባህላቸው ነው እኮ!» ግማሹ በአድናቆት፣ «እኛማ ደማችን ውስጥ የለም» በሚል ድምፅ። ግማሹ ደግሞ በማጽናናት፣ «እነሱ ሥርዓት አላቸው፣ እኛ ፍቅር አለን» እያለ። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ወሬውን ይዘጉታል። ባህል ከሆነ ምን ይደረጋል? ምንም። ቡናው ይቀጥላል።

እኔ ግን አልዘጋም።

ቢጫው ሰሌዳ ባህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የእግር መንገድ ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። በ1985 ዝርዝር ሕግ ወጣለት። ዛሬ 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አላቸው፤ ምድርን አንድ ጊዜ ተኩል ይዞራል። ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት እንኳ በግምት የተጻፈ አይደለም፤ ርቀቱን፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያሰላ ቀመር አለው። መንገዱን እየዞረ የሚያይ፣ የወደቀውን የሚያነሳ፣ የደበዘዘውን የሚቀባ ሰው አለ። እኛ ባህል የምንለው ነገር ድምፅ ነው፣ ሕግ ነው፣ በጀት ነው፣ ቀለም የያዘ ሰው ነው።

በእኔ ሙያ ይህ የታወቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ሲስተም ያየ ሰው «ጥሩ ነገር ገዝተዋል» ይላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ተደውሎለት የሚነሳውን ልጅ አያየውም።

ደግሞስ ደም ከሆነ፣ ያደርኩበትን ክፍል እንደ መስታወት ታጸዳ የነበረችው ሴት ፖርቱጋላዊት ነች። ሳህን አጣቢውም እንደዚሁ። ያ «የስዊስ ንጽሕና» የሚባለው በማን እጅ እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ነው።

ባህሉ ከጥንት የነበረ ከሆነ ደግሞ የድሮውን እንጠይቅ። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከምሥራቅ ስዊዘርላንድና ከኦስትሪያ ተራሮች የድሃ ልጆች በየጸደዩ በረዷማ በሮችን በእግራቸው አቋርጠው ወደ ደቡብ ጀርመን ይወርዱ ነበር። ገበያ ላይ ቆመው ለእረኝነት ይቀጠራሉ። ያኔም ተራራው እዚያው ነው፣ ባህሉም እዚያው ነው። የስዊዘርላንድ ሴቶች በሀገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ አፐንዘል ኢነርሮደን የምትባለው ትንሽ ክፍለ ግዛትማ ለራሷ ምርጫ ሴቶችን ያስገባችው በ1990 ፍርድ ቤት አስገድዷት ነው። ባህል ብቻውን ሴቶቹንም እረኞቹንም አልደረሰላቸውም።

ዘርማት ውስጥ የድሮ የእህል ጎተራዎች አሉ። በእንጨት እግር ላይ የቆሙ ናቸው፤ አይጥ እንዳትወጣ በእግሩና በጎተራው መካከል ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቷል። ፊቱ ቆሜ ብዙ አየሁት። አያቴ ቤት ጎተራው ከመሬት ከፍ ያለው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ለአይጥ ነዋ» ብላኝ ነበር። ደገኛ ሁሉ አይጥን የሚያስበው በአንድ ጭንቅላት ነው። ብልሃት አልጎደለንም።

አያቴን ካነሳሁ ልጨርሰው። መንደሯ ከደባርቅ ወዲያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ታመመች። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሟት። ባለፈው ዓመት መንደሩ በደቦ የጠረገው መንገድ በአንድ ዝናብ ተበልቶ ስለነበር በገደሉ ዳር ዞሩ፤ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እስኪጎድል ቆሙ። ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ ቃሬዛው ላይ አረፈች። አባቴ እስከ ዛሬ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እናቴን ተራራው ነው የገደላት።» እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ አመንኩት።

ዘርማት በሁለተኛው ቀን ጎርነርግራት ወጣሁ፤ 3,089 ሜትር። በባቡር ነው የሚወጣው። ባቡሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊቴ ማተርሆርንን አየሁ፤ 4,478 ሜትር፣ ከእኛው ራስ ዳሸን ያንሳል። በአያቴ መንደር ከፍታ ላይ ተቀምጬ ትኩስ ቸኮላት እየጠጣሁ ነው። አንዲት አሮጊት ምርኩዟን ይዛ ከባቡሩ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠችና ሰላም አለችኝ። መልስ መስጠት አቃተኝ። ተራራው አይደለም የገደላት።

«ሀብታም ናቸዋ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ባቡር አልጠየቅኩም፤ ሄሊኮፕተርም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ፣ ከመንገዱ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ሰኔ ሳይገባ ቦዩን መጥረግ ሥራው የሆነና ደመወዝ የሚቆረጥለት አንድ ሰው ነው። ደቦው መንገዱን ጠርጎ ነበር እኮ! የጎደለው በሚቀጥለው ዓመት የሚጠይቀው ሰው ነው። ሪባን መቁረጥ ላይ አንታማም። መጠገን ግን ባለቤት የለውም።

ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ጓደኞቼ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ሠራን። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ውሉ ላይ ስለ ጥገና አንድ መስመር አልነበረም፤ አይቼው ፈርሜያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ሲስተሙ ቆመ፣ ሠራተኞቹም ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? «ተጠቃሚው ባህሉን ሊለውጥ አልቻለም።»

አፌ ለመደው። ባህልና ተራራ አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፤ ሁለቱም አይከሰሱም። ፈራሚ የላቸውም፣ በጀት የላቸውም፣ ስልክ አያነሱም። ጥፋት የሚጣልባቸውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚመለስ ሰው ያየውን ሲያወራ «ባህላቸው ነው» ብላችሁ አትዝጉበት። ማን ወሰነው በሉት። ማን ይከፍላል፣ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል በሉት። መልሱን ካላወቀ ገና አላየም ማለት ነው። እኔም ያንን አግዳሚ ወንበር ሳላገኝ ብመለስ ኖሮ ያየሁት አይብና ጸጥታ ብቻ ነበር።

አባቴ የተራራውን ፎቶ በስልኬ አንድ በአንድ አየ። አሮጊቶች ከባቡር ሲወርዱ፣ ቢጫውን ሰሌዳ፣ ጎተራውን። «ይኼ ከኛ ይበልጣል?» አለኝ።

«አይበልጥም አባዬ። ያው ነው።»

ስልኩን መለሰልኝና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ «ተራራው ነው የገደላት» ሲል አልሰማሁትም።