ሳህላቭና የሰባት ቤት ቆጠራ

ዓርብ ዓርብ አፍሪዳር ለሰንበት አበባ ስንገዛ፣ ከሁሉ ዓይን የሚስበው ያ አንገተ ረጅሙ፣ በአጺጽ የተተከለው አበባ ነው። ሻጩ ሳህላቭ ይለዋል። ከፋሲካ በኋላ ሜዳ ላይ የሚታየውንም ሮዝ አበባ ሳህላቭ ይሉታል። አንዲት እናት ባለፈው «እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ምን ያዛምዳቸዋል?» አሉኝ።

ዘመድስ ናቸው፣ ግን የሩቅ። ወደ 28,000 የሚጠጉ ዓይነቶች ያሉት አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ ቫኒላም ከዚያው ነው። በክረምት ትኩሱን የምንጠጣው ሳህላብ ድሮ ከሜዳው ሳህላቭ ሥር ዱቄት ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ አብዛኛው የበቆሎ ስታርች ነው። የአጺጹ የእስያ ተወላጅ ሲሆን በዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል።

የሚገርመው ግን የሜዳዎቹ ጉዳይ ነው። የስዊድኑ ሊኔዎስ በ1753 ኦርኪስ በሚል ስም የአበባቸውን መልክ እያየ አንድ ላይ መደባቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይም በዚሁ ተኖረ። በ1997 ቤትማን፣ ፕሪጅንና ቼስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከየአበባው ዲ.ኤን.ኤ. አውጥተው አወዳደሩ። ዲ.ኤን.ኤ. በአራት ፊደል ብቻ እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። ሁለት አበቦች አንድ ዓይነት ስሕተት ከተሸከሙ ከአንድ አያት ወርሰውታል ማለት ነው።

እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? «መልካቸው አይመሳሰልም» ብሎ የሚያልፍ ማን ነበር? እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቆጠራው በፊደል መሆኑ ብቻ ልዩነቱ።

ሲቆጠር ኦርኪስ የተባለው ሦስት ቤት ሆኖ ተገኘ። የገሊላው ሳህላቭና የጣልያኑ በቀድሞ ቤታቸው ቀሩ። ቅዱሱ ሳህላቭ (ሳህላቭ ካዶሽ) እና ቢራቢሮ የሚመስለው ግን ለቤን ሳህላቭ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። ቤን ሳህላቭ በዕብራይስጥ «የሳህላቭ ልጅ» ማለት ነው፤ በሳይንስ ስሙ አናካምፕቲስ፣ ያን ጊዜ ለብቻው ይኖር የነበረ። እንግዲህ ወንድሞቹ ከአባት ቤት ወጥተው ወደ «ልጁ» ቤት ገቡ! የክሮሞዞማቸው ቁጥርም ይህንኑ ይደግፋል፤ የኦርኪሶቹ 42፣ የነዚህ በአብዛኛው 36 ነው።

መልክ ለምን አሳሳተ? አበባ መልኩን የሚያሳምረው ለነፍሳት ነው። ሁለት ባዕድ አበቦች አንድ ዓይነት ንብ ሲጠሩ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ፤ እውነተኛ ወንድማማቾች ደግሞ የተለያየ ንብ ሲጠሩ ይለያያሉ።

ዲ.ኤን.ኤ. ሲነሣ አንዳንዶቻችን ቅር እንደሚለን አውቃለሁ። እኔም ይለኛል። የአበባን ዘመድ መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የሰውን አይሁድነት በደም ጠብታ ልመዝን ማለት ሌላ ነው። አበባ ጸሎት የለው፣ ሰንበት አያከብር፣ ኢየሩሳሌምን አልናፈቀ።

ልጆቻችሁ ሜዳ ሲወስዷችሁ ቅዱሱን ሳህላቭ ፈልጉት። በመጽሐፍ ብትፈልጉት በአሮጌው ኦርኪስ፣ በአዲሱ አናካምፕቲስ ተብሎ ታገኙታላችሁ። መቁረጥ ግን በሕግ ክልክል ነው። ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድም አይበጅም፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ስለሆነ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም፣ ያንን ፈንገስ ደግሞ አጺጽ ውስጥ አናገኘውም።