ሦስተኛው ወይስ አራተኛው?

አንድ ወዳጄ ሴት ልጁ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ደወለልኝ። እኅቱ ለክርስትናው ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው፤ «ካሜራ ይዤልህ ልምጣ፣ የትኛውን ልግዛ?» ብላዋለች። እሱ ሁለት ስም ይዟል፦ የሶኒ አልፋ 7 ሦስተኛውና አራተኛው። እርስዎም ምናልባት በዚሁ ጥያቄ ተወጥረው ይሆናል።

አዲሱ ይሻላላ፣ ይሉኝ ይሆናል። እስቲ እንየው። ሦስተኛው በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ያለ ሌንስ 2,000 ዶላር ነበር፤ አራተኛው በ2021 በ2,500 መጣ። የሁለቱም ሴንሰር ፉል ፍሬም ነው፤ ስፋቱ እንደ ድሮው የፊልም ካሜራ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው 24፣ አዲሱ 33 ሜጋፒክስል አለው። ለአልበም ግን ይህ አያስጨንቅዎ፤ ኤ4 የሚያህል ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲታተም 9 ገደማ ይበቃል። በባትሪ ደግሞ አሮጌው ይበልጣል፤ በአንድ ቻርጅ 710 ፎቶ ያነሳል ሲባል አዲሱ 580 ነው።

አዲሱ የሚያሸንፈው በቪዲዮ ነው። ልጅ ሲድህ ሲሮጥ እየቀረጹ ዓይኑን ተከትሎ ፎከስ ያደርጋል፤ አሮጌው ይህን የሚያደርገው ለፎቶ ብቻ ነው። ስክሪኑም ወደ ፊት ይዞራል። ቪዲዮ የሚወድ ቤተሰብ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ማንበብ አቁመው አዲሱን ይግዙ።

ወዳጄን ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «የትኛውን ፎቶ ነው አጥብቀህ የምትፈልገው?» ጥቂት ዝም አለና «እማዬ ልጅቷን ታቅፋ» አለኝ። እናቱ 84 ዓመታቸው ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው ፍላሽ ያስጨንቃቸዋል፤ ቤታቸው ደግሞ የሚበራው በአንድ አምፖል ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ ወደ ሌንስ መጣ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 28-70 ሌንስ ሲያቀርቡበት ቀዳዳው ወደ 5.6 ይጠባል። በ1.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በሁለቱ ካሜራዎች መካከል ደግሞ በጨለማ ውስጥ ይህን የሚያህል ልዩነት የለም። ስለዚህ «አሮጌውን ግዛ፣ በተረፈው ገንዘብ ባለ 1.8 ሌንስ ጨምርበት» አልኩት። ሌንሱ ነገ አዲሱን ካሜራ ቢገዛም ይገጥምለታል። (ባለቤቱ አዲሱን ነበር የምትፈልገው፤ ሳልሰማ ቀረሁ አልልም።)

ያገለገለ ከሆነ የሚገዙት፣ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ፤ የሁለቱም ሹተር 200,000 ጊዜ እንዲሠራ ተብሎ የተሞከረ ነው። ሶፍትዌሩም በ2019 ከወጣው 3.0 ያነሰ እንዳይሆን፤ የዓይን ፎከሱ በእጅጉ የተሻሻለው ያኔ ነው።

ደግሞም ካሜራውን በክርስትናው ዕለት ከካርቶን አያውጡት። ከዚያ በፊት ጥቂት ቀናት ማታ ቡና ሲፈላ ይለማመዱበት። በ1.8 የአንዷ ዓይን ጥርት ሲል የሌላዋ ፊት ይደበዝዛል፤ አያትና ሕፃን አብረው ሲሆኑ ወደ 2.8 ያድርጉት፣ ልጅቷንም ከእሳቸው ጉንጭ አጠገብ ያስጠጓት።