«ሙያ በልብ» ይብቃን

ከአባባሎቻችን ሁሉ በእጅ ሥራ ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰው «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ይመስለኛል። አመጣጡ ክፉ አይደለም። አትፎክር፣ ሥራህ ራሱ ይናገርልህ ማለት ነው። ጥሩ ምክር ነው። ወርክሾፕ በር ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ያወቅኸውን ለማንም አትንገር፣ ለምታሠለጥነው ልጅ እንኳ ግማሹን አስቀርበት ይሆናል። ከዚያ ባለሙያው ይሞታል፤ ሙያውም አብሮት ይቀበራል። እኛም ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «እሱ እኮ እጁ ወርቅ ነበር» እንባባላለን።

ነገሩን እንዲሁ በደፈናው እንዳልናገር በአንድ ትንሽ ሙያ ልፈትነው። ሙያው አልሙኒየምን አኖዳይዝ ማድረግ ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ውጤቱ በየቤታችሁ አለ። ነሐስ የመሰለው የመስኮት ፍሬም፣ ጥቁሩ የእጅ ባትሪ፣ ቀዩ የብስክሌት ዕቃ፣ የብዙ ላፕቶፖች ገላ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ያ ቀለም ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም። አልሙኒየም አየር ሲነካው በራሱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅላል። አኖዳይዝ ማድረግ ማለት ያንን ቆዳ በአሲድና በኤሌክትሪክ ኃይል ከሺህ ጊዜ በላይ ማወፈር ነው። ቆዳው ሲያድግ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ ማቅለሚያው እዚያ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ ቀዳዳው በፈላ ውሃ ይደፈናል። ቀለም ይላጣል፤ ይህ ግን የብረቱ የገዛ አካል ስለሆነ እንደ ቀለም አይላጥም።

ይህ ዕውቀት ከየት መጣ? በ1923 እ.ኤ.አ. ቤንጎ እና ስቱዋርት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የባሕር አውሮፕላን ክፍሎች በጨው ውሃ እንዳይበሉ በክሮሚክ አሲድ የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። በ1927 ደግሞ ጋወር እና ኦብራየን በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን አስመዘገቡ፤ ዛሬ ዓለም በብዛት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፓተንት ማለት ውል ነው። ሰውዬው ሙያውን በዝርዝር ይጽፋል፣ መንግሥት ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት እንጀራውን ይጠብቅለታል። ጊዜው ሲያልፍ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። በዚህ ምክንያት ዛሬ በሌላ አገር ያለ ጡረተኛ መካኒክ በጋራዡ ውስጥ በባልዲና በባትሪ ቻርጀር ይህን ይሠራል፤ ሠርቶም ስንት አምፔር እንደለቀቀ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለጎረቤቱ ይነግራል።

እኛ ጋ ስትጠይቁስ? አንድ ወርክሾፕ ገብቼ «ለዚህ ስፋት ስንት አምፔር ነው የምትለቁት?» ብዬ አውቃለሁ። መልሱ ፈገግታ ነበር። «በልምድ ነው ወንድሜ።» ልምድ ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። ግን ቁጥር የሌለው ልምድ ከአንድ ሰው ዓይን ወደ ሌላ ሰው ዓይን አይተላለፍም። ልጁ አምስት ዓመት ቆሞ ማየት አለበት፤ አምስት ዓመት ካየ በኋላም ያየው እጅ እንጂ ምክንያት አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ በባለእጁ ላይ መጣል ግን ግፍ ነው። የባሰው ጥፋት የእኛ የተማርን ባዮቹ ነው። ኬሚስትሪን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል፣ በእንግሊዝኛ ተፈትነናል፣ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። አልሙኒየም ቆርጦ መስኮት ለሚገጥመው፣ ምናለሽ ተራ ብረት ለሚቀጠቅጠው ሰው በአማርኛ አንዲት ገጽ አልጻፍንለትም። እሱ በልቡ ይዞ አስቀረ፤ እኛ በባዕድ ቋንቋ ይዘን አስቀረን። ያው ነው።

እስቲ ታዲያ እንጻፈው። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ አሲድ ምን ይሠራል የሚል ካለ ይታገሠኝ።

መጀመሪያ አልሙኒየሙን ማወቅ ነው። ተገፍቶ የወጣ ፕሮፋይልና ዝርግ ላሜራ ጥሩ ቆዳ ያበቅላል። ከአሮጌ ፒስተንና ከሞተር ብሎክ ቀልጦ የተቀረጸ ዕቃ ግን ሲሊከን ስለሚበዛበት ግራጫና ጉራማይሌ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ አሲዱን አትርገሙ። ጥፋቱ የዕቃው ዘር ነው።

ቀጥሎ ማጽዳት። በሳሙና ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ከዚያ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ለአጭር ጊዜ መንከር፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፤ ሲበላም ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ዕቃው በባዶ እጅ አይነካም። የጣት ቅባት የነካው ቦታ ማቅለሚያ ላይ ያሳጣል።

ለመንከሪያው ከባትሪ ቤት የሚገዛ አዲስ የባትሪ አሲድ ይበቃል። በክብደት 37 በመቶ ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አንድ ሊትሩ በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ሲቀጥን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ለዚህ ሥራ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው የሚፈለገው። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለበት ቆዳውን ይበሳሳዋል። ዕቃው በአልሙኒየም ሽቦ ተጠፍሮ ከፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። የመዳብ ሽቦ አሲዱ ውስጥ ከገባ ይሟሟል። ሽቦው ጥብቅ ይሁን፤ የሚያድገው ቆዳ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከላላ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ለኔጋቲቩ ብዙ ሰው እርሳስ ፍለጋ አሮጌ ባትሪ ይሰብራል። አያስፈልግም፤ ዝርግ አልሙኒየም ይሠራል።

አሁን ወደዚያ የፈገግታ ጥያቄ እንመለስ፤ ስንት አምፔር? በአንድ ዲሲሜትር ካሬ፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር በ10 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ከ1 እስከ 1.5 አምፔር ነው። 10 በ10 የሆነ ላሜራ ሁለት ፊት ስላለው ስፋቱ 2 ዲሲሜትር ካሬ ነው። በ1.2 ብታሰሉት 2.4 አምፔር ይሆናል። ቮልቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ከ25 ካለፈ አሲዱ የሚያድገውን ቆዳ መልሶ ስለሚበላው የሚወጣው ልፍስፍስና ዱቄት ነገር ነው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። አምስት ዓመት የተቆመለት ነገር አንድ ማባዛት ነው።

ከአሲዱ ሲወጣ ታጥቦ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ማቅለሚያ ውስጥ ይነከራል። የልብስ ማቅለሚያ አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይዝም፤ በቁራጭ ይሞከራል። በመጨረሻ ቀዳዳው ይደፈናል። ለእኛ የሚያስፈልገውን ነገር ራሳችን ካልጻፍነው ማን ሊጽፍልን እንደማይችል እዚህ ላይ ይታያል። የውጭ መመሪያዎች የሚሉት ከ96 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ውሃ ድፈኑ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። ክዳን በሌለው ድስት ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈለገ ብታነዱለት ከዚያ አያልፍም! መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ልጅ ቀለሙ እጁ ላይ ሲለቅበት «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ግን እሱ ጋ አልነበረም፤ ከፍታው ነው። መድኃኒቱ ጊዜውን ማስረዘም ወይም በታመቀ እንፋሎት መድፈን ነው። ይህን ለንደን ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ አይጽፍልንም። ችግሩ የለበትማ።

«ሙያ በልብ» ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዓይንና ሳንባም ያስከፍላል። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ውሃ በወፍራም አሲድ ላይ ሲፈስ እዚያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በየባትሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ በአማርኛ መጻፍ ነበረበት። የአሮጌ ባትሪ አሲድ እርሳስ የሟሟበት መርዝ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይነካም። ከመንከሪያው የሚነሣው አረፋ የአሲድ ጭጋግ ይዞ ስለሚወጣ ሥራው ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ አይሠራም። ጓንትና የዓይን መነጽር የፈሪ ዕቃ አይደለም። ያለቀው አሲድ ደግሞ በቤኪንግ ሶዳ ወይም በኖራ ቀስ በቀስ፣ መፍላቱ እስኪያቆም ድረስ ሳይከሽፍ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

«እንዲህ ያለውን አደገኛ ነገር ለሕዝብ መንገር ጥሩ አይደለም» የሚል ይኖራል። ወዳጄ፣ ሕዝቡ መቼ አንተን ጠበቀ? ልጁ ስልኩ ላይ በማያውቀው ቋንቋ ቪዲዮ እያየ ነው። እጁን ያያል፣ ማስጠንቀቂያውን አይሰማም። ዝምታህ ሥራውን አላስቀረውም፤ ጥንቃቄውን ብቻ ነው ያስቀረው።

ሌላው «ከነገርኩት እንጀራዬን ይወስዳል» ይላል። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሲናገረው አይሾፍበትም። ግን እንመርምረው። ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ሥራውን አይሠራም። ጥርት ያለ ማጽዳት፣ ጥብቅ አያያዝ፣ ትዕግሥት በቁጥር አይሰረቅም። ወጥ አሠራር በጽሑፍ ባለመኖሩ ግን ዛሬ የተሠራው ቡናማ ከነገው ቡናማ አይገጥምም። ደንበኛው አንዴ ተታልሎ፣ ሁለቴ ተታልሎ፣ በሦስተኛው ከውጭ የመጣውን ይገዛል። እንጀራውን የወሰደው ጎረቤት ሳይሆን ቀለሙ ወጥ የሆነው የውጭ ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከእኛ ከጻፍን ባዮቹ የሚመጣ ነው፤ «አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም» የሚለው። አይ እንግዲህ! ጋራዥ ግቡና ስሙ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ ያደረጋቸው ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሳይሆን ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ማንንም አላስፈቀደም። አኖዳይዝ ማለትም እንዲሁ አማርኛ ይሆናል፤ ሰው ከሠራበት ቃሉ ይለምዳል። የጎደለው ቃል አይደለም፤ ጸሐፊ ነው።

አለመጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላሊበላን ያህል ሥራ የፈለፈሉ እጆች መሯቸውን እንዴት እንደሳሉ፣ ፍርስራሹን በምን እንዳወጡ፣ ከየት እንደጀመሩ በእጃቸው የጻፉት መመሪያ አልደረሰንም። ገድሉ መላእክት እንደረዷቸው ይነግረናል። እምነቱን አከብራለሁ። ግን የጠራቢው ቃል ቢደርሰን ኖሮ ከመላእክቱ ጎን የእሱም ድካም ይታወስ ነበር። ሙያውን በልቡ ይዞ የሄደ ሰው ስሙንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ግጥምና ልብ ወለድ የምናወጣበት ገጽ ላይ ስለ አሲድና ስለ አምፔር መጻፍ ነውር ሊሆን አይገባም። የሚያስነውረው በዚህ ቋንቋ ስለ ናፍቆት ሺህ ገጽ ጽፈን ዓይን የሚያተርፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ አለመለጠፋችን ነው።

በጓሮም በመንደርም ወርክሾፕ ያላችሁ፣ ደብተር ግዙ። የዕቃውን ዓይነት፣ ስፋቱን፣ አምፔሩን፣ ሙቀቱን፣ ደቂቃውን፣ የወጣውን ቀለም በየቀኑ መዝግቡ። የተበላሸውንም አትዝለሉ፤ ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው። ከዚያ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት። እኛ የጻፍን ባዮቹ ደግሞ እናንተ ዘንድ መጥተን ከቁጥሩ ጀምረን እንጻፍ። መጀመሪያ ግን፣ ባትሪ ቤት ያላችሁ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ ለጥፉልን፦ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምር።