ሚዛኑ 7.3 ኪሎ አለ፣ ዕድሜዋስ?

ጥር መጀመሪያ ላይ የእህቴን ልጅ ለማስመዘን ጎንደር ከተማ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከፊታችን ከዳባት ገጠር የመጣች እናት ሴት ልጇን አስመዘነች፤ 7.3 ኪሎ። «ዕድሜዋስ?» ተባለች። «አጨዳ ጀምረን ነበር፣ ጥምቀት ግን አልደረሰም» አለች።

ቀላል መልስ ይመስላል፣ ግን ሁሉ ነገር እሱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት 12 ወር የሞላት ሴት ልጅ ከ7.0 ኪሎ በታች ከሆነች ክብደቷ ለዕድሜዋ አነስተኛ ነው ይባላል። ስለዚህ ይቺ ልጅ አለፈች። 14 ወር ከሆናት ግን መስመሩ 7.4 ነው፤ በቃ፣ ወደቀች። ወንድ ብትሆን ደግሞ ገና በ12 ወሯ 7.7 ይጠበቅባት ነበር።

ነርሷ ጎበዝ ናት። «ክርስትና መቼ ተነሳች?» አለቻት። «ለአስተርእዮ ማርያም።» ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ከጥር 21 ወደ ኋላ ሲቆጠር ኅዳር መባቻ ላይ ይደርሳል። 14 ወር! ልጅቷ ክትትል ውስጥ ገባች።

ግን እስከ መቼ በክርስትና ቀን እንቆጥራለን? ደግሞስ ክርስቲያን ያልሆነውስ?

ዕድሜ የማይጠይቅ መለኪያ አለ፣ የክንድ ሜትሩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው። እንደ 2016ቱ የጃናሞራና የበየዳ ድርቅ ባለ ጊዜ ቶሎ ይለያል። መቀንጨርን ግን አያሳይም፤ እሱ ቁመት ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚታወቀው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 መቀንጨርን እናስቆማለን ይላል። የልጆቹን የልደት ቀን ሳናውቅ መቅረቱን በምን እናረጋግጣለን?

ሕጉ እኮ አለ። በ2004 ወጣ፣ ምዝገባው በ2008 ተጀመረ፤ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለባንክ ሲባል ሁላችንም ፋይዳ ለማውጣት ተሰልፈናል። ለአራስ ልጅ ሲሆን ግን ቀበሌው ሩቅ ነው፣ እናት ገና አልጠናችም፣ አባት እርሻ ላይ ነው። እኔ ብሆን የጤና ኤክስቴንሽኗ ለክትባት ቤት ለቤት ስትዞር መዝገቡንም አብራ እንድትይዝ አደርግ ነበር። ገጠር አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ቀኑን ጻፉላቸው፣ ወረቀት ላይም ገልብጡላቸው።