ጎማው ቢተልቅ ቁልቁለቱ አያጥርም

ይህን ርእስ የሚያይ አንባቢ «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ መኪና ጎማ ምን አገባቸው?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከመካከላችን ቡሎን ፈትቶ መልሶ በደንብ የሚያስር አንድ ሰው እንኳ መገኘቱ ያጠራጥራል። ይሁን እንጂ መኪና በተገለበጠ ጊዜ የሚጎዳው መካኒኩ ሳይሆን ተሳፋሪው ስለሆነ፣ ተሳፋሪም ስለሚሳፈርበት ነገር የመናገር መብት አለው እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን ለዘንድሮው የአንኮበር ጉዞ መኪና ለመከራየት ስብሰባ ባደረገ ጊዜ ሁለት መኪናዎች በአማራጭነት ቀርበው ነበር። አንደኛው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ፣ ጠባብ ጎማ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ከፍ ያስደረገው፣ ፓራፋንጎውን እስከ ማስቆረጥ ደርሶ ግዙፍ ጎማ ያስገጠመለት፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚያስፈራ መኪና ነው። ይኸኛው ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። «ለአንኮበር ዳገት ይኼ ነው!» ያሉም ነበሩ። እኛ አላጨበጨብንም፤ ምክንያታችንንም ዛሬ ለጓደኞቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ከእንደዚህ ያለው መኪና ጋር የተዋወቅነው አምና ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሁሉ ከላይ ሆነን ቁልቁል እያየን ተጓዝን። ከኋላችን በሁለተኛው መኪና የሚመጡትን ጓደኞቻችንንም በጠባቡ ጎማቸው ሳቅንባቸው። ነገሥታቱ የኖሩበትን ኮረብታ ጎብኝተን ወደ አልዩ አምባ መውረድ ስንጀምር ግን የሚያቃጥል ሽታ መጣ። ሾፌሩ ፍሬኑን ይረግጣል፤ መኪናው ግን እሺ አይልም። በመጨረሻ በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ከተራራው ጥግ አስጠጋው። ረዳቱም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ፤ ጎማው ትልቅ ነውና የመጀመሪያው ድንጋይ አልበቃ ብሎ ሌላ ተፈለገ። በወዲያኛው በኩል ገደል ነበር። ከመኪናው ስንወርድ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ አንዷ እኅታችን ብቻ ታለቅስ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ጠዋት የሳቅንበት አሮጌ መኪና በከባድ ማርሽ እያዘገመ ደረሰ። ሾፌሩ ሽበታም ሰው ናቸው። ወረዱና የጋለውን ቸርኬ ከሩቅ ተመልክተው «ልጆቼ፣ ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው» አሉን። ከእኛ መካከል ሴቶቹን ጫኑልን፤ የቀረነው በእግራችን ወረድን።

ከተመለስን በኋላ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንንና የከተማውን ጎሚስታዎች ስንጠይቅ ሰነበትን። የነገሩን ነገር ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር 80 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጎማ ወጥቶ 88 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢገባ፣ ጎማው በ10 በመቶ ተለቀ ማለት ነው። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው። ጎማ ለፍሬን እንደ መፈንቀያ እንጨት ነው፤ እንጨቱ በረዘመ ቁጥር ጫፉን የያዘው ያሸንፋል። ስለዚህ ያንኑ መኪና በዚያው ርቀት ለማቆም ፍሬኑ በ10 በመቶ አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ መኪናውን የሚይዝበት ኀይልም በዚያው መጠን ገደማ ይላላል። የፍጥነት መቁጠሪያው እንኳ ይዋሻል፤ 60 ሲል እውነቱ 66 ነው።

ቁልቁለት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከነተሳፋሪው 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ በቀስታ ሲወርድ፣ ክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ መኪናው ይበራል። ያ ሙቀት በአንድነት ቢሰበሰብ ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ከዚህ ሙቀት ሞተሩ ድርሻውን ካልወሰደ፣ የሚሸከመው በየጎማው ውስጥ ያለው ትንሽ የፍሬን ሸራ ነው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑም ዘይት ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። አምና የሸተተን ይኸው ነበር።

ከፍ ማስደረጉስ ምን ያመጣል? በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ50 ነው፤ የመኪናው የክብደት ማእከልም ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ይህ ማእከል በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ መኪናው በመጠምዘዣ ላይ እንዳይገለበጥ የሚቋቋምበት ዐቅም በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከጣራው ላይ የሁላችንን ሻንጣ ስንከምርበት ከዚህም ይብሳል። የአንኮበር መንገድ በመጠምዘዣ የተሞላ፣ በጉምም ጊዜ ከፊት ያለው የማይታይበት መሆኑን ለደብረ ብርሃን ተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

«መኪናው ከፍ ካላለ ድንጋይ ሆዱን ይመታዋል» ለሚሉን ደግሞ መልስ አለን። ባሌስትራ በመደረብ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ከሱ በላይ ያለው አካል ብቻ ነው። በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው፣ ብዙ ጊዜም ድንጋይ የሚያገኘው ዲፈረንሻል ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያነሣው ጎማው ብቻ ነው፤ ያውም በግማሹ። 8 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ጎማ ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለሁለት ጣት ከፍታ ፍሬንንና ሚዛንን መስጠት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ከሚባለው አይለይም።

ትልቅ ጎማ አገር የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የአይስላንድ ሰዎች በበረዶ ላይ ለመሄድ እጅግ ግዙፍ ጎማ ይገጥማሉ፤ አየሩንም በጣም ቀንሰው ስለሚነዱ ጎማው ተንጣሎ ከበረዶው ላይ ይንሳፈፋል። ከአንኮበር አፋፍ ቆመን በምናየው በአፋር ቆላም አሸዋ ባለበት ሥፍራ ሰፊ ጎማ፣ አየሩ ቀነስ ተደርጎ፣ ሥራ ይሠራል። በላዩ ጭቃ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ባለበት በደጋው መንገድ ግን ሰፊው ከላይ ሲንሸራተት፣ ጠባቡ ጭቃውን ቆርጦ መሬቱን ይረግጣል። ለሁሉም አገር አገሩ የሚሻው ጎማ አለው።

ይህን ነገር አባቶቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ ሳይቀር ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ከታጁራ ሲመጣ፣ በረሃውን ያሻገረው ግመል ነበር። ከሸዋ ዳገት ግርጌ ሲደርስ ግን ግመሎቹ ቀሩ፤ ጭነቱም በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ወጣ። ግመል ከበቅሎ ይረዝማል፤ ብዙም ይሸከማል። ሆኖም በአንኮበር ገደል ላይ ልጁን የሚያስቀምጥ ሸዌ የሚመርጠው በቅሎን ነው። አጭር ናት፤ እግሯ ጠባብ ነው፤ የምትረግጠውን ታውቃለች። እንግዲህ ዛሬ በገንዘባችን የምንሠራው በቅሎን ወደ ግመል መለወጥ መሆኑን ልብ እንበል።

በእውነት ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ጎማ ያስገጥም፤ ግን ሥራውን ይጨርሰው። ከጎማው ጋር የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይለወጥ፤ ፍሬኑ በበለጠው ይተካ፤ መሪው ይስተካከል፤ ትርፍ ክብደት የሚሸከመው ኩሽኔታ ይታይ። ትርፍ ጎማም ይኑረው፤ የተለመደው 7.50-16 ጎማ ቢፈነዳ በየከተማው ምትክ አይታጣም፤ ግዙፉ ቢፈነዳ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ላይ ማደር ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን የባለቤቱ ገንዘብ ጎማው ላይ ሲያልቅ ነው። ጎማ ይታያል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። የፍሬን ሸራ ግን ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። በስብሰባችን ላይ ድምፁ የገዘፈውን ተናጋሪ አጨብጭበን ስንመርጥ፣ የሚያቆመው ነገር እንዳለው ጠይቀን እናውቃለን? የሚታየውን የማድነቅ፣ የማይታየውን ያለመጠየቅ ልማድ ከጋራዥ ብቻ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ መኪና ከመከራየታችን በፊት ፍሬኑን ማኅበሩ የመረጠው መካኒክ ይየው፤ የባለቤቱ ቃል አይበቃም። ሁለተኛ፣ ጎማው ወይም ቁመቱ የተለወጠ መኪና ከሆነ ከጎማው ጋር ሌላ ምን እንደተለወጠ ይጠየቅ፤ መልሱ «ምንም» ከሆነ አንሳፈር። ሦስተኛ፣ ሻንጣ ከጣራ ላይ ይውረድ፤ ሾፌሩም በከባድ ማርሽ ሲያዘግም «ንዳው!» የሚል ተሳፋሪ ቢኖር ሌሎቻችን ዝም እናሰኘው።

ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ብልጫ ይሰጣል። እጁን የሚያወጣ ሁሉ አንድ ነገር እንዲያስታውስ እንለምነዋለን፤ አጨብጭበን የመረጥነውን መኪና የምንሳፈረው እኛው ነን።