ሠረገላው በዝግታ ሲሄድ



ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከአጥቢያችን ሽማግሌዎች ጋር ሆነን አንዲት እናት ልንጠይቅ ወደ ፒችትሪ ሲቲ ሄድን። ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ማይል ያህል ርቃ የምትገኝ የጆርጂያ ከተማ ናት። እማማ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ መኪና ነድተው የማያውቁ እናት ናቸው። ልጃቸውና ምራታቸው ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ከጠየቅናቸው አምስት ወር አልፎን ስለ ነበር፣ መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ስናዘጋጅ ሄድን።

ስንደርስ ቤቱ ተቆልፏል። ደጃፉ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው በዛፍ በተከበበ መንገድ አንዲት ጎልፍ ካርት ድምፅ ሳታሰማ መጣች። የምትነዳው ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ጎረቤት ናት። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ከኋላ ሽንኩርት፣ ወተትና ከመድኃኒት ቤት የመጣ ከረጢት ተጭኗል። ጎረቤታቸው የእኛ አጥቢያ አባል አይደለችም። እማማ እንግሊዝኛ፣ እርሷም አማርኛ አይችሉም። ነገር ግን ከዓመት በላይ፣ በየረቡዑ፣ በእጅ ምልክትና በሳቅ እየተግባቡ ገበያ አብረው ይሄዳሉ።

«እማማ፣ ለምን አልነገሩንም? እኛ እናደርስዎት ነበር» አልናቸው።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «የእናንተ መኪና ፈጣን ነው፣ ልጆቼ። የእርሷ ግን ይደርሳል» አሉን።

ያዘጋጀነው የይቅርታ ቃል ሁሉ ከአፋችን ጠፋ። ወገኖች ሆይ፣ ልባችን ተነካ። እሑድ እሑድ የጸሎት ቤታችን ፓርኪንግ በመኪና ይሞላል። አንዳንዶቻችን ከእማማ ቤት በ10 ደቂቃ ርቀት ውስጥ እንኖራለን። ነገር ግን ያንን ሁሉ መኪና ይዘን ያልደረስንበት ደጃፍ ላይ፣ በሰዓት 20 ማይል እንኳ የማትሄድ ካርት ደረሰች።

ለማታውቁት እንንገራችሁ። ፒችትሪ ሲቲ በ1959 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) የተመሠረተች ከተማ ስትሆን፣ ከ100 ማይል በላይ የሚሆን ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለጎልፍ ካርት የተሠራ መንገድ አላት። ሰዎች በካርት ወደ ግሮሰሪ፣ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በካርት ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። የኤሌክትሪኩ ካርት ማታ ቤት ውስጥ ባለው ተራ ሶኬት ተሰክቶ ያድራል፣ ጠዋት ለሥራ ዝግጁ ነው። እንደ አገራችን ባጃጅ ለሰፈር ጉዳይ የተመቸ ነው፤ ልዩነቱ ጭስና ጩኸት የሌለው መሆኑ ነው።

በዚህ አገር ሰው ከሚያደርገው ጉዞ ሁሉ ግማሽ ያህሉ ከ3 ማይል በታች ነው። ለአንድ ጋሎን ወተት ብለን ያንን ሁሉ ብረት እናስነሳለን። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ አጭር ጉዞ ለርቀቱ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይበላል። መጋቢነት ማለት የተሰጠንን ነገር እንደ ልኩ መጠቀም ከሆነ፣ ይህም የመጋቢነት ጉዳይ ነው። የዛሬው ሸክማችን ግን ከነዳጅ ይልቅ ስለ ፍጥነት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አስቡ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጠ፣ ሲያነብም ሰማው፣ ያስተውለውም እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ይህን ክፍል እኛ ኢትዮጵያውያን እንኮራበታለን፣ ብዙ ጊዜም ሰብከንበታል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል አልፈናል፦ ያ ሠረገላ በእግር የሚሮጥ ሰው ሊደርስበት የሚችል ነበር። ውስጡ ያለው ሰው ድምፅም ከውጭ ይሰማ ነበር። አጠገቡም ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበረ።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ዛሬ ፊልጶስ ቢሮጥ ይደርስብናል? መስኮታችን ተዘግቷል፣ ስልካችን ከመኪናው ጋር ተያይዟል፣ ከጋራዥ ወጥተን ጋራዥ እንገባለን። ጎረቤታችን ባሏ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖት ሳንሰማ እንቀራለን። መስኮትና በር በሌላት ካርት የሚሄድ ሰው ግን ሰላም ሳይል ማለፍ ያስቸግረዋል። ሰው ሲያስቆመው ይቆማል።

ይህን በሽማግሌዎች ስብሰባ ስናነሣ አንድ ወንድም፣ «አሜሪካ የመጣነው ባጃጅ ልንነዳ ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀን። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ከሥሩ ያለው ነገር ታየን። መኪና ለብዙዎቻችን ከመጓጓዣ በላይ ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ፎቶ የምንልክበት፣ «ደርሻለሁ» የምንልበት ምልክት ነው። ጌታችን ግን ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በተዋሰው ውርንጫ ላይ ነበር። ክብሩ ከተቀመጠበት እንስሳ አልመጣም፤ የእኛም ከምንነዳው አይመጣም።

በዚህ ነገር ሚዛን እንጠብቅ። ካርት መጫወቻ አይደለችም። በድንገት ስትታጠፍ ተሳፋሪ ይወድቃል፣ ሕፃንን ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትም አደገኛ ነው። ዓይናቸው የደከመ አባትም ከመኪና ይልቅ ካርት ይቀላል ብለው መሪ መያዝ የለባቸውም። በየከተማው ያለው ሕግም ይለያያል፣ በብዙ ቦታ በዋና መንገድ ላይ ካርት መንዳት ክልክል ነው። ውሃ የሚፈልግ ዓይነት ባትሪ ያላችሁም የተጣራ ውሃ እየጨመራችሁ ተንከባከቡት። «በእግር መሄድስ አይሻልም?» ለምትሉን፣ ለሚችል ሰው ይሻላል። እማማ ግን አይችሉም።

ደግሞም አብዛኞቻችን የምንኖረው እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት ሰፈር ነው። ስለዚህ «ሁላችሁም ካርት ግዙ» አንልም። የምንለው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ የቤት ለቤት ኅብረት ከመሰብሰቢያ ቤቱ በ2 ማይል ዙሪያ ያሉትን መንዳት የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና አራስ እናቶች በስም ይወቅ። አማርኛ ተናጋሪ ያልሆነውንም ጎረቤት ይጨምር። ከዚያም አንድ ቀን ይምረጥ፣ ቀኑንም አይለውጥ። ካርት ያለው በካርት፣ መኪና ያለው በመኪና፣ እግር ያለው በእግር ይሂድ። እኛ አገልጋዮችም በዚህ እንጀምራለን። ከኅዳር ጀምሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላችንን ለዚህ ለይተናል። የመጀመሪያው ረቡዕ የሄድነው ወደ እማማ ቤት ነበር። ጎረቤታቸውንም አመስግነን፣ አብረን ቡና ጠጣን።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል በፍጥነት ያለፋችሁ ካለ ይቅር በሉን። የምናመልከው ጌታ እንዲህ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ አላዳነንም። ሥጋ ለብሶ ወደ ሰፈራችን መጣ፣ በአቧራችን ላይ በእግሩ ሄደ፣ ዓይነ ስውሩ በጮኸ ጊዜ ቆመ፣ ከሕዝብ መካከል የልብሱን ጫፍ የነካችውንም ሴት ሳያያት አላለፈም። ዛሬም ብትጠሩት ይቆማል።

ጌታ ሆይ፣ ፍጥነታችንን ይቅር በለን። የደጃፋችንን ሰው የምናይበት ዓይን፣ ስንጠራ የምንቆምበት ልብ ስጠን። አጠገባችን ያለውን ባዶ ቦታም አንተ ሙላው። አሜን።